12 ፒኮሰከንድ ላይ የሚታየው ማሚቶ የቀድሞ ሥዕል ነው? (የቴራኸርዝ ቅኝት፣ የእንጨት ገበታ ሥዕል)

መነሻው ጥያቄ

ከዚህ በታች ያለው በአንድ የባለሙያዎች መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር ማጠቃለያ ነው። ክሩን የከፈቱት ባለሙያ ያቀረቡት ጉዳይ እንዲህ ነው። 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በእንጨት ገበታ ላይ የተሳለ ሥዕል አለ። እንጨቱ ላይ ጀሶ ከእንስሳ ሙጫ ጋር ተለብጦበታል፤ ዳራው ወርቅ ነው፤ ምስሎቹ በቀለም ተሠርተው ላያቸው ቫርኒሽ ተቀብቷል። ሥዕሉ በቴራኸርዝ ምት (በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ባለ ሞገድ)፣ በነጸብራቅ ዘዴ፣ በየ0.5 ሚሊ ሜትሩ ተቃኝቷል። ይህ 480,000 ነጥብ ነው፤ በሰከንድ 50 ኩርባ (የተመለሰው ሞገድ በጊዜ ሲነበብ) በሚያነብ መሣሪያ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወስዷል።

በእያንዳንዱ ነጥብ ኩርባ ላይ መጀመሪያ ከሥዕሉ ገጽ የተመለሰው ትልቅ ጉብታ ይታያል። ከዚያ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጡ ትንንሽ ጉብታዎችና ስርጉዶች ይከተላሉ። በመጨረሻም ከገጹ ልክ 12 ፒኮሰከንድ (አንዱ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው) ዘግይቶ፣ በሁሉም ቦታ፣ አንድ ጥርት ያለ ትንሽ ጉብታ አለ። ቁመቱ ከገጹ ጉብታ 3 ከመቶ ገደማ ነው። ጠያቂው ይህን ጉብታ የቀድሞ ሥዕል ሽፋን አድርገው ወስደውታል። ከዚህ ተነስተውም ቴራኸርዝ ይህን ያህል ጠልቆ ካሳየ ከሥዕል ላይ ናሙና መቁረጥ ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል አቋም ያዙ። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፤ ከሥር ያለው ሥዕል ለመሆኑ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል፣ ናሙናውስ ይቅር ወይ?

ጠያቂው ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው በመዘርዘራቸው ሊመሰገኑ ይገባል። እነዚያ ቁጥሮች ባይኖሩ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀር ነበር።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በአክብሮት ጀመሩ። ጊዜን ወደ ጥልቀት መመንዘር እንደሚቀድም አስታወሱና ስሌቱን አስቀመጡ። ሞገዱ ሄዶ ስለሚመለስ አንድ ፒኮሰከንድ በአየር ውስጥ 150 ማይክሮሜትር ጥልቀት ማለት ነው። በቁስ ውስጥ ሞገዱ ስለሚዘገይ ይህ ቁጥር ለቁሱ የስብረት መጠን (ሞገዱን ስንት እጥፍ እንደሚያዘገየው ለሚናገረው ቁጥር) ይካፈላል። የጀሶው የስብረት መጠን 2 ገደማ ነው ቢባል አንድ ፒኮሰከንድ 75 ማይክሮሜትር፣ 12 ፒኮሰከንድ ደግሞ 0.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነት ገበታ ይህ ውፍረት እንግዳ አይደለም። ስለዚህ በእሳቸው ግምት ጉብታው የመጣው ጀሶው አልቆ እንጨቱ ከሚጀምርበት ድንበር ነው፤ የቀድሞ ሥዕል ለማለት አያበቃም።

መልስ 2

በስሌቱ ተስማሙ፤ ለሁሉም ሽፋን አንድ የስብረት መጠን መጠቀሙን ግን አረሙ። ቫርኒሽ፣ ነጭ እርሳስ ያለበት ቀለምና ጀሶ ሞገዱን እኩል አያዘገዩትም። ልዩነቱን በቁጥር አሳዩ፤ 1.5 ፒኮሰከንድ የዘገየ ማሚቶ በ1.6 ሲሰላ 141 ማይክሮሜትር፣ በ2.0 ሲሰላ 112 ማይክሮሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ልዩነት ይዞ የውፍረት ካርታ ማተም አያስኬድም።

የሰጡት መፍትሔ ቀላል ነው። በዚያው ዓይነት ጀሶና ሙጫ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክብ ናሙና ይዘጋጃል። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል፤ ገና እርጥብ እያለ የተለካ ውሃውን መለካት ነውና። ከዚያ ውፍረቱ በማይክሮሜትር መለኪያ በአምስት ቦታ ይለካል። ቀጥሎ ሞገዱ ናሙናውን ሰንጥቆ እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ናሙናው ባለበትና በሌለበት ጊዜ ያለው የመድረሻ ልዩነት ይነበባል። የስብረት መጠኑ 2 ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ጀሶ ምቱን በ3.3 ፒኮሰከንድ ያዘገየዋል።

መልስ 3

አጭር ነው። የአየሩ እርጥበት ስንት እንደነበር ጠየቁ። የውሃ ተን በ0.557፣ በ0.752፣ በ0.988፣ በ1.097 እና በ1.163 ቴራኸርዝ ላይ ሞገዱን አጥብቆ ይመጥጣል፤ የዚህም ውጤት ከዋናው ምት ጀርባ ለብዙ ፒኮሰከንድ የሚንቀጠቀጥ ጅራት ነው። ጅራቱ ላይ ያለ አንድ እብጠት ሽፋን መስሎ ይታያል። ስለዚህ ሥዕሉም መሣሪያውም አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተው ናይትሮጅን ይሞላ፣ እርጥበቱም ከ5 ከመቶ በታች ይውረድ አሉ።

መልስ 4

የክሩ ድምፅ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። 4ኛው መላሽ የሥዕል ጥገና ባለሙያ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፤ የ3ኛውን ምክር በቁጣ ነው የተቀበሉት። ለዘመናት ከ50 ከመቶ ብዙም ባልራቀ እርጥበት የኖረን የእንጨት ገበታ 5 ከመቶ ውስጥ መክተት ሥዕሉን ማጥፋት ነው አሉ። እንጨቱ ከጭረቱ አግድም ይሸበሸባል፤ ጀሶው አብሮት መሸብሸብ ስለማይችል ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይላቀቃል፤ ቀለሙም አብሮ ይረግፋል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ደግሞ ሥዕሉ አይነካም እየተባለ በሚደረግ ምርመራ ነው። ይህን ምክር የጻፈ ሰው ከሥዕል አጠገብ ባይደርስ ይሻላል እስከ ማለት ሄዱ። አነጋገሩ ከልክ ያለፈ ቢሆንም ነጥባቸው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ማንም እንዲዘልለው አልፈልግም።

ትክክለኛውን አሠራርም ጻፉ። ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን የሚሞላው የመሣሪያው ራስ ብቻ ነው። ሞገዱ ከመሣሪያው ራስ ወጥቶ ሥዕሉ ጋ የሚደርስበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዋል፤ የሚፈሰው ደረቅ አየርም በሥዕሉ ፊት ላይ እንዳይነፍስ ወደ ጎን ይመራል። በሥዕሉ ጀርባና ፊት አንድ አንድ የእርጥበት መለኪያ ይቀመጣል፤ ንባቡ ከክፍሉ በ3 ከመቶ ከራቀ ቅኝቱ ይቆማል።

መልስ 5

ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ጸሐፊው በጠቡ አልገቡም። ጠያቂውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የ12 ፒኮሰከንዱ ጉብታ በወርቁ ላይም አለ ወይ?

ለምን እንደጠየቁ አብራሩ። ብረታ ብረት የቴራኸርዝን ሞገድ አያሳልፍም፤ ስስ የወርቅ ልባጥ እንኳ እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ወርቁ ባልተፋቀበት ቦታ ከሥሩ ያለው ጀሶም እንጨትም ለመሣሪያው የለም። ከወርቅ ላይ የሚመጣ ኩርባ አንድ ጉብታ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ከጉብታው ኋላ ሌላ ማሚቶ ካለ ከሥዕሉ አልመጣም፤ ከመሣሪያው ወይም ከአየሩ ነው። በሌላ አነጋገር ሥዕሉ ራሱ መፈተኛውን ይዞ መጥቷል።

ሁለት ተጨማሪ ምልክትም ሰጡ። አንደኛ፣ በእጅ የተለበጠ ጀሶ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ከዳር እስከ ዳር ልክ 12 ላይ የቆመ ማሚቶ ሰው የሠራው ሽፋን መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ሁለተኛ፣ 0.9 ሚሊ ሜትር ጀሶ ውስጥ ገብቶ የወጣ ምት ከፍተኛ ድግግሞሾቹን እዚያው ጥሎ ስለሚመጣ ወፍሮና ደንዝዞ ነው የሚታየው። የጠያቂው ጉብታ ግን ጥርት ያለ ነው ተብሏል። ስፋቱ ከገጹ ጉብታ ጋር እኩል ከሆነ በምንም ነገር ውስጥ አላለፈም ማለት ነው።

መልስ 6

ጠያቂው ተመለሱ። ከወርቁ ላይ 20 ነጥብ መርጠው አዩ፤ ጉብታው አለ፣ 12 ላይ። በሥዕሉ ፋንታ የብረት መስታወት አስቀምጠው አነበቡ፤ አሁንም አለ፣ 12 ላይ። ስፋቱም ከመጀመሪያው ጉብታ ጋር እኩል ነው። የቀድሞ ሥዕል ያሉትን ሐሳብ ሳያድበሰብሱ አነሱ፤ 5ኛውንም አመሰገኑ። ጉብታው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ ግን እንዲነገራቸው ጠየቁ።

መልስ 7

መነሻው የመሣሪያው አንቴና የተሠራበት የጋሊየም አርሰናይድ (የሴሚኮንዳክተር ዓይነት) ስስ ሰሌዳ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሰሌዳው 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የስብረት መጠኑም 3.6 ስለሆነ፣ ውስጡ ደርሶ የሚመለስ ምት 12 ፒኮሰከንድ ይዘገያል። ስሌቱ ከጠያቂው ቁጥር ጋር መግጠሙን እያንዳንዱ አንባቢ ራሱ ማረጋገጥ ይችላል፤ 0.5 ሲባዛ በ3.6 ሲባዛ በ2፣ ከዚያ ሲካፈል በ0.3።

ማስወገጃው ከመስታወቱ የተነበበውን ኩርባ እንደ ማጣቀሻ አድርጎ ዲኮንቮሉሽን (የመሣሪያውን የራሱን ምልክት ከኩርባው የሚያወጣ ስሌት) መሥራት ነው። መስታወቱ ሥዕሉ በነበረበት ርቀትና በዚያው እርጥበት መነበብ አለበት፤ ጠዋት የተነበበ ማጣቀሻ ለማታ ቅኝት አይሆንም። የሳቸው ልማድ ከሥዕሉ ጎን፣ ሥዕሉን ሳይነካ፣ ጠባብ የብረት ቁራጭ አቁሞ እያንዳንዱ የቅኝት መስመር ሲጀምር አንድ ጊዜ ማንበብ ነው። ጊዜ አይጨምርም ማለት ይቻላል፤ የእርጥበቱንና የሌዘሩን መንሸራተት ግን ቀኑን ሙሉ ይከታተላል።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አመለከቱ። ዲኮንቮሉሽን ማካፈል ነው። ምልክቱ ከጫጫታ በማይለይበት ድግግሞሽ ላይ ሲካፈል ጫጫታው ይገዝፋል። መሣሪያው እስከ 4 ቴራኸርዝ ያነባል ተብሎ ቢሸጥም ከጀሶ የሚመለሰው ምልክት 2 ላይ ሊያልቅ ይችላል። ስሌቱ የሚቀበለውን ድግግሞሽ የሚወስነውን ማጣሪያ እስከ 4 የከፈተ ሰው በኩርባው ላይ ማንም ያልቀባቸውን ሽፋኖች ያያል። ማጣሪያውን በድንገት የቆረጠም እንዲሁ፤ ስለታም ጠርዝ በጉብታው ግራና ቀኝ እኩል የሚርቁ ሞገዶችን ይፈጥራል። መለያቸው ከጉብታው በፊትም መታየታቸው ነው፤ ከገጹ በፊት የሚመጣ ሽፋን የለም። ቀስ እያለ የሚወርድ ማጣሪያ ይመረጥ፤ ሲጠራጠሩም የላይኛውን ወሰን በ0.2 ቴራኸርዝ ዝቅ አድርጎ እንደገና ማስላት ነው። እውነተኛ ሽፋን ቦታውን አይለቅም፣ ሐሰተኛው ይንቀሳቀሳል።

መልስ 8

ትዕግሥታቸው ያለቀ ተጠራጣሪ ናቸው። ይህ ሁሉ ድካም ኤክስሬይና ኢንፍራሬድ በአንድ ቀን ለሚሠሩት ሥራ ነው ብለው ጀመሩ። በ1 ቴራኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 300 ማይክሮሜትር ነው። የትኩረት ርቀቱ 50፣ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌንስ የሚገኘው ነጥብ ከ0.6 ሚሊ ሜትር አያንስም። የብሩሽ ጭረት በዚህ አይታይም። የስፔናዊውን ሠዓሊ የጎያን የ1771 ሥዕል፣ ለሮማ አምላክ ለቬስታ የሚቀርበውን መሥዋዕት፣ ምሳሌ አደረጉ፤ በ2013 የወጣው የቴራኸርዝ ጥናት ፊርማውን የሚመስል ቅርጽ ማግኘቱን ገልጿል፤ እሳቸው ግን የሚመስል በሚለው ቃል ላይ ቆሙ። ክሩም ራሱ አንድ የአንቴና ሰሌዳ ጥንታዊ ሥዕል ሊሆን ለጥቂት እንደተረፈ ያሳያል አሉ።

መልስ 9

በተመሳሳይ ስለት መለሱ። ኤክስሬይ ፊልሙ ወይም መቀበያው ከሥዕሉ ጀርባ እንዲቆም ይፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ጀርባው ግድግዳ ነው። ኢንፍራሬድ በሚሊ ሜትር የሚለካ ልስን አያልፍም። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች በ2008 ከ4 ሚሊ ሜትር ልስን ሥር በግራፋይት የተሳለ ቢራቢሮ በቴራኸርዝ አሳይተዋል። በሉቭር ሙዚየም ካለው የካምፓና ስብስብ ጦር የያዙ ሦስት ሰዎች ያሉበት የግድግዳ ሥዕል በ2013 ሲመረመር ከላይኛው ገጽ ሥር የሰው ፊት ተገኝቷል። የጣሊያናዊው ሠዓሊ የጆቶ የባዲያ ገበታዎችም በዚሁ ዘዴ ታይተዋል።

ከሁሉ በላይ ያተኮሩት ግን በ2017 በታተመው ሥራ ላይ ነው። ከጣሊያናዊው ሠዓሊ ከሳሶፌራቶ ወርክሾፕ የወጣ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሳለ የምትጸልይ ማዶና ሥዕል ሽፋን በሽፋን ተለይቶ ካርታ ተሠርቶለታል፤ ቫርኒሹና ኋላ የተጨመረው እርማት ቀለም ሳይቀሩ። ኤክስሬይ ሁሉንም ሽፋን በአንድ ምስል ላይ ደርቦ ይሰጣል፤ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ አይናገርም። 8ኛው መላሽ የቴራኸርዝን ምስል እንደ ፎቶግራፍ እያዩት ነው፣ ነገሩ ግን የጥልቀት መለኪያ ነው ብለው ደመደሙ። እኔም በዚህ ከሳቸው ጋር ነኝ፤ ብዥታው የጎን እንጂ የጥልቀት አይደለም።

መልስ 10 እና 11

ክሩ ከሥዕል ወጥቶ ወደ መጽሐፍ የሄደው እዚህ ላይ ነው። 10ኛው መላሽ በ2016 ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከኤምአይቲና ከጆርጂያ ቴክ የወጣውን ሥራ አነሱ። በዚያ ሥራ ሳይገለጥ በተደራረበ ወረቀት ውስጥ እስከ ዘጠነኛው ገጽ ድረስ ፊደላት ተነበዋል። ያስቻለው በገጾቹ መሃል የሚቀረው 20 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የአየር ክፍተት ነው፤ ከእያንዳንዱ ክፍተት አንድ ማሚቶ ይመለሳል። አያይዘውም በፈረንሳይ ሬሚርሞን የተገኘውን የ16ኛው መቶ ዘመን የእርሳስ የቀብር መስቀል ጠቀሱ። ዝገቱ የሸፈነው ጽሑፍ በቴራኸርዝ ተነቦ አባታችን ሆይ የሚለው ጸሎት በላቲን መሆኑ በ2022 ተገልጿል።

11ኛው አድናቆቱን ተጋርተው ልክ አበጁለት። በወረቀቱ ሙከራ በየገጹ የነበረው አንድ ትልቅ ፊደል ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ፣ ገጾቹ የተጣመሙና እርስ በርስ የተጣበቁ ብራና ሌላ ጉዳይ ነው። የላይኛው ገጽ ቀለም ጥላ በታችኛው ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ፊደል ከጥላ አይለይም። መስቀሉ ደግሞ የተነበበው ከሥር ያለው እርሳስ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ስለሚመልስና ዝገቱ ስለሚያሳልፈው ነው፤ ለዘዴው ከዚህ የተመቸ ዕቃ የለም።

መልስ 12

አወያዩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ። መጻሕፍቱ የራሳቸው ክር ይከፈትላቸው፣ እዚህ ወደ ገበታው እንመለስ አሉ። 4ኛውንና 8ኛውንም ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ጠየቁ።

መልስ 13

ሌላ የጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ክሩን ወደ ሥራው የመለሱት እሳቸው ናቸው። የተደበቀ ሥዕል ፍለጋው ዋናውን ጥቅም ጋርዶታል አሉ። ለእንጨት ገበታ ቴራኸርዝ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ጀሶው ከእንጨቱ የለቀቀበትን ቦታ ቀለሙ ከመርገፉ በፊት ማሳየቱ ነው።

አንድ ኩርባ ወስደው ከግራ ወደ ቀኝ አነበቡት። የመጀመሪያው ጉብታ ገጹ ነው፤ አቅጣጫው ከመስታወቱ ጉብታ ጋር አንድ ነው፣ ወደ ላይ። ሞገዱ ከቀለምና ከጀሶ ወጥቶ ወደ እንጨት ሲገባ ካዘገየው ቁስ ወደ ማያዘገየው ስለሚያልፍ ማሚቶው ተገልብጦ ይመጣል፣ ስርጉድ ሆኖ። ጀሶው በደንብ በተያዘበት ቦታ ይህ ስርጉድ ብቻውን ነው፤ ከሱ ኋላ ኩርባው ዝም ይላል። ጀሶው በለቀቀበት ቦታ ግን መሃል አየር አለ። ያኔ ስርጉዱ ይጠልቃል፣ ምክንያቱም በጀሶና በአየር መካከል ያለው ልዩነት ከጀሶና ከእንጨት ልዩነት ይበልጣል። ወዲያውም ሞገዱ ከአየሩ ወደ እንጨቱ ሲገባ ወደ ላይ የቆመ ጉብታ ይከተላል። ስርጉድ ከነጉብታው ከታየ ክፍተት አለ።

በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የክፍተቱ ስፋት ነው። አየር ስለሆነ ስሌቱ ምንም ግምት አይፈልግም፤ 1 ፒኮሰከንድ 150 ማይክሮሜትር። ክፍተቱ ከ75 ማይክሮሜትር ሲያንስ ሁለቱ ይጋጠማሉ፤ ያኔ የሚታየው አንድ የተጣመመ ቅርጽ ነው፣ ቁመቱም ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ 10 ማይክሮሜትር የለቀቀ ጀሶ በካርታው ላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ለዚህ ነው በጣት ጫፍ መታ መታ አድርጎ ማዳመጥ ያልቀረው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ በካርታው ላይ ካልታየ ካርታውን አትመኑ አሉ።

የለቀቀውን ጀሶ ለማጣበቅ ሙጫ በመርፌ ከተወጋ በኋላ መቼ እንደገና ይቃኝ ለሚለውም መልስ ሰጡ። ሙጫው በውሃ የተበጠበጠ ከሆነ ውሃው እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው። በ1 ቴራኸርዝ 0.1 ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ጉዞ የሚያሳልፈው ከኃይሉ አንድ አሥረኛውን ነው፤ ደርሶ መልስ ሲሆን አንድ መቶኛው ይቀራል። እርጥብ ቦታ ከእንጨቱ ምንም ማሚቶ አይመልስም። ይህን እንደ ጥሩ ጥገና የቆጠረ ሰው ከሳምንት በኋላ ክፍተቱን እዚያው ያገኘዋል። ሁለት ተከታታይ ቅኝቶች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው ደርቋል የሚባለው።

መልስ 14

ስለ ገበታው ጠመዝማዛነት ነው። ያረጀ ገበታ ቀጥ ያለ አይደለም። ገጹ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ኩርባው በ6.7 ፒኮሰከንድ ይቀድማል። 5 ሚሊ ሜትር የጎበጠ ገበታ 33 ፒኮሰከንድ ያንሸራትታል፤ የሚመዘገበው ጊዜ 40 ፒኮሰከንድ ብቻ ከሆነ ዳሮቹ ከመስኮቱ ይወጣሉ። ከ70 አይነስ አሉ። በኋላ ሁሉም ኩርባ በመጀመሪያው ጉብታ ተስተካክሎ ይደረደራል።

ዝንባሌው ይብሳል። ገጹ 3 ዲግሪ ቢያዘነብል ነጸብራቁ 6 ዲግሪ ይዞራል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ርቀት ሌንሱ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ስቶ ያርፋል። ምልክቱ ይወድቃል፤ ካርታውም ዳር ዳሩን ጨለማ ያሳያል። ይህ የሽፋን ልዩነት ሳይሆን የዝንባሌ ጥላ ነው። መፍትሔው ገበታውን በሦስትና አራት ክፍል ከፍሎ ለእያንዳንዱ የመሣሪያውን ራስ እንደገና ማቆም ነው። ገበታውን በመቆንጠጫ ለማቃናት መሞከርን ግን በጥብቅ ከለከሉ። እንጨቱም በጭረቱ አቅጣጫና በአግድሙ ሞገዱን እኩል ስለማያዘግየው የመሣሪያው ራስ አቅጣጫ ከጭረቱ አንጻር ይመዝገብ አሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቅኝት ከዚህኛው ጋር የሚነጻጸረው ያኔ ነው።

መልስ 15

ተጠራጣሪው 8ኛ ተመለሱ፤ ድምፃቸው ረግቧል። የ13ኛውን ማብራሪያ ተቀበሉ፣ ለክፍተት ፍለጋ መሣሪያው ቦታ እንዳለውም አመኑ። በናሙናው ጉዳይ ግን አልተበገሩም፤ እዚህ ላይ ሐቁ ከሳቸው ጋር ነው። የ20 ማይክሮሜትር ቫርኒሽ ማሚቶ በ0.2 ፒኮሰከንድ ብቻ ስለሚዘገይ ከገጹ ጉብታ ጋር ይዋሃዳል፤ በስሌት ብርታት ቢለይም ስሌቱ ራሱ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ለቫርኒሽ ኦሲቲ የሚባለው፣ ሽፋኖችን በብርሃን ማሚቶ የሚለየው ዘዴ የተሻለ ነው። የቀለሙን ምንነት በተመለከተም፣ ከ3 ቴራኸርዝ በታች አብዛኛው ቀለም የተለየ ምልክት የለውም። ቀይ አሸዋማ ሽፋን ታየ ብሎ ስም መስጠት አይቻልም፤ ለዚያ በቀለሙ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለየው የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ አለ። የሽፋኑን ውፍረት በትክክል የሚያስተካክለው ደግሞ አንድ ነጥብ ላይ በማይክሮስኮፕ የታየ ቁራጭ ነው። ያቺ አንዲት ናሙና ለ480,000 ነጥቦች ሁሉ ሚዛን ትሆናለች።

መልስ 16

አንድ አዲስ ገቢ በዋጋ ረከስ ያለ፣ ከ300 ጊጋኸርዝ አካባቢ በተከታታይ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ ይበቃ እንደሆነ ጠየቁ።

መልስ 17

7ኛው ናቸው የመለሱት። የእንዲህ ዓይነት መሣሪያ የጥልቀት አቅም የሚወሰነው በሚጠርገው የድግግሞሽ ስፋት ነው። ስፋቱ 90 ጊጋኸርዝ ከሆነ በአየር ውስጥ ከ1.67 ሚሊ ሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ገጾችን አይለይም። ለቀለምና ለጀሶ አይሆንም። ለደረቅ እንጨት ውስጥ ለነፍሳት ቦይ፣ ለወፍራም ልስንና ከኋላ ለተጨመረ ማጠናከሪያ እንጨት ግን ጥሩ ነው፤ ጠልቆ ይገባል፣ ፈጥኖም ይቃኛል።

መልስ 18

ጠያቂው የመጨረሻውን ካርታ ይዘው መጡ። ከጎን በቆመው ብረት በየመስመሩ ማጣቀሻ ተነቧል፤ የላይኛው ወሰን 1.8 ቴራኸርዝ ተደርጓል። የ12 ፒኮሰከንዱ ጉብታ ጠፍቷል፤ በወርቁ ላይ የቀረው አንድ ጉብታ ብቻ ነው። ከቀለሙ ሥር አሁን የሚታየው ስርጉድ ከ8 እስከ 10.5 ፒኮሰከንድ እየተለዋወጠ ይሄዳል፣ የጀሶውና የእንጨቱ ድንበር። በታችኛው ቀኝ ማዕዘን፣ ከልብሱ ጫፍ ሥር፣ 3 በ2 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ቦታ ስርጉዱ ጠልቆ ከ0.8 ፒኮሰከንድ በኋላ ጉብታ ይከተለዋል። ይህ 120 ማይክሮሜትር አየር ነው። ቀለሙ ላይ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ የለም፤ በጣት ሲመታ ግን ድምፁ ባዶ ነው። ናሙናውም ቀድሞ ከረገፈ ቦታ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ብቻ፣ እንድትወሰድ ተስማምተዋል።

መልስ 19

5ኛው አንድ ነገር ለመኑ። የመጀመሪያው፣ 12 ላይ ጉብታ ያለበት ካርታ ከክሩ እንዳይነሳ፤ ከሥሩ የአንቴና ሰሌዳ ማሚቶ ተብሎ ይጻፍበትና ይቀመጥ። ጠያቂው በዚያው ሰዓት ጽፈውበታል።